አዲስ ፈጣን ካታማራን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ምን ምን ይታያል? ሜድስትራውምን ይዘን እንየው

ዘንግና ማርሽ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፈጣን የመንገደኛ ጀልባ ሲወራ ጥያቄው ሁልጊዜ «ስንት ኖት ትሄዳለች?» ነው። ፍጥነት ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ውጤት ስለሆነ አንዲት መርከብ ይዘን ከሥሩ ብናየው ይሻላል። የመረጥኳት ሜድስትራውም ናት። በኖርዌይ ከስታቫንገር ከተማ ተነሥታ ፊት ለፊት ወዳሉት ደሴቶችና ወደ ሆመርሶክ ትመላለሳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀመረች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሙሉ በሙሉ በባትሪ የምትሠራ፣ በፈጣን መርከብ ደንብ ሥር የገባች የመንገደኛ ካታማራን (ጎን ለጎን በተጣመሩ ሁለት ቀፎዎች የምትንሳፈፍ ጀልባ) ናት። የሠራት ፊየልስትራንድ የተባለው የመርከብ ፋብሪካ ነው።

መለኪያዎቿ እነዚህ ናቸው፦ ርዝመት 31 ሜትር፣ ወርድ 9 ሜትር፣ 147 መንገደኛ፣ 1.5 ሜጋዋት ሰዓት ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 550 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት ሞተሮች፣ የዘወትር ፍጥነት 23 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 42.6 ኪሎ ሜትር። የወደቡ ቻርጀር ከ2 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። በአንድ ቻርጅ አንድ ሰዓት ያህል በ23 ኖት እንድትሄድ ተብላ ነው የተነደፈችው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለቱ ሞተሮች ሙሉ ኃይላቸውን ቢሰጡ 1.1 ሜጋዋት ነው። በአንድ ሰዓት 1.1 ሜጋዋት ሰዓት ይበላሉ፤ ይህ የባትሪው 73 በመቶ ነው። የቀረው 27 በመቶ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ባትሪው ጨርሶ ባዶ እስኪሆን አይወርድም። ማሞቂያ፣ መብራት፣ ፓምፕና የመርከብ መምሪያ መሣሪያዎች ድርሻ አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባትሪ ያረጃል፤ በተለመደው አሠራር አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ነው የሚቀየረው። 1.5 በዚያን ጊዜ 1.2 ይሆናል፤ ያቺው አንድ ሰዓት ጉዞ ከ1.2 ውስጥ 1.1ን ትጠይቃለች። ስለዚህ የጉዞ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ማሰላት ያለበት በአዲሱ ባትሪ ሳይሆን በመጨረሻው ዓመት ባትሪ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከፋብሪካ ወጥታ መንገደኛ እስክትጭን ድረስ የሚደረገውን ፍተሻ እያንዳንዳችሁ በሙያችሁ በኩል ብትጽፉት። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለች ጀልባ ለጣና ትሆናለች ወይ? ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በየብስ ወደ ጣና ከተጓጓዘች ወዲህ ይህ ጥያቄ በየቦታው ይነሣል፤ በቁጥር የተመለሰ መልስ ግን አላየሁም።

---

ሚዛን

ጥሩ ክር ነው። ከክብደት ልጀምር፤ ካታማራንን የሚገድላት እሱ ነውና።

ሁለቱ ቀፎዎች ቀጫጭን ስለሆኑ ውኃው ልክ ላይ ያላቸው ስፋት ትንሽ ነው። ለምሳሌ ድምሩ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በባሕር ውኃ አንድ ቶን ጭነት ጀልባዋን 1.6 ሳንቲ ሜትር ያሰምጣታል። ፋብሪካው ከዕቅዱ 10 ቶን ቢያሳልፍ 16 ሳንቲ ሜትር ሰመጠች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገር አብሮ ይበላሻል። በውኃ የሚነካው የቀፎ ገጽ ይሰፋና መጎተቻው (ውኃው ወደ ኋላ የሚይዛት ኃይል) ይጨምራል። ሁለቱን ቀፎ የሚያገናኘው የመካከል ወለል ወደ ሞገዱ ይቀርብና ከሥር ይመታል። ፕሮፔለሩም በተነደፈበት ዙር መሥራት ይሳነዋል፤ ሞተሩ ጫናው ይከብደውና ሙሉ ዙሩ ላይ አይደርስም።

ስለዚህ ደህና ፋብሪካ ውስጥ ወደ ጀልባዋ የሚገባ ነገር ሁሉ በር ላይ ይመዘናል። ወንበር፣ ኬብል፣ የኬብል መደርደሪያ፣ የድምፅ መከላከያ፣ የወለል ምንጣፍ፣ ማጣበቂያው ሳይቀር። ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ሞተሩ አይደለም፤ የሞተር ክብደት በካታሎግ ላይ ተጽፏል። የሚያሳልፉት ኬብል፣ ቀለምና የውስጥ ዕቃ ናቸው፤ በየቦታው ተበታትነው ስለሚገቡ ማንም አይደምራቸውም።

ውኃ ላይ ከወረደች በኋላ ደግሞ የባዶ ክብደቷ ይረጋገጣል። የውኃውን ልክ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ በሁለቱም ጎን ማንበብ፣ የውኃውን ጥግግት በሃይድሮሜትር መለካት፣ በውስጧ የቀረውን ውኃ፣ ዘይትና የሠራተኛ መሣሪያ ዘርዝሮ መቀነስ። ይህ ሥራ በነፋስ ቀን አይሠራም፤ የ2 ሳንቲ ሜትር የንባብ ስሕተት ከላይ ባለው ምሳሌ ከአንድ ቶን በላይ ነው።

ስለ መንገደኛ ክብደትም አንድ ነገር ልበል። ዓለም አቀፉ የፈጣን መርከብ ደንብ አንድን ሰው 75 ኪሎ አድርጎ ይቆጥራል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ግን ከ2011 ጀምሮ 185 ፓውንድ፣ ማለትም 84 ኪሎ ይላል። በ147 ሰው ላይ ልዩነቱ ከ1.3 ቶን በላይ ነው። ሻንጣና ብስክሌት ይዞ የሚሳፈር ሕዝብ ባለበት መስመር ላይ ትልቁን ቁጥር ይዞ ማስላት ይሻላል።

---

የማሪን ተማሪ

ጋሽ ዘንግና ማርሽ፣ ስለ ዝርዝሩ አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በክፍል «ካታማራን በመካከለኛ ፍጥነት ከመሄድ በከፍተኛ ፍጥነት ብትሄድ ይሻላል» ይባላል። ፍጥነት ሲጨምር ሞገድ ይጨምር የለም እንዴ? 23 ኖት የተመረጠበት ምክንያትስ አለው?

---

የሞገድ ሒሳብ

ጥሩ ጠየቅህ። ዋናው ነገር ጀልባዋ ከራሷ ሞገድ ጋር ያላት ግንኙነት ነው። የሚለካውም በፍሩድ ቁጥር ነው፦ ፍጥነትን በሜትር በሴኮንድ ወስደህ፣ 9.81ን በርዝመቷ አባዝተህ ካሬ ሥሩን ታወጣና ታካፍላለህ። ለ31 ሜትር ካሬ ሥሩ 17.4 ነው። ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ሲደርስ ሞገድ የመፍጠር መጎተቻው ጉብታው ላይ፣ ማለትም ከፍተኛው ነጥብ ላይ፣ ይደርሳል። ለዚህች ጀልባ ያ ፍጥነት 17 ኖት ግድም ነው። በ23 ኖት ግን ቁጥሩ 0.68 ነው፤ ጉብታውን አልፋለች። ጠቅላላ መጎተቻዋ ከፍጥነት ጋር ማደጉን አይተውም፤ ለእያንዳንዱ ማይል ከክብደቷ አንጻር የምታነሣው ሞገድ ግን ከጉብታው ላይ ይልቅ ያነሰ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፦ ካፒቴኑ «ለጥንቃቄ ትንሽ ልቀንስ» ብሎ ከ23 ወደ 17 ቢያወርድ ሞገዱን አላሳነሰም። ወይ 23 ላይ ይቆያል፣ ወይ ከ12 በታች ይወርዳል። በመሐል ያለው ክልል በፍጥነት የሚታለፍ እንጂ የሚኖርበት አይደለም። በመንገድ መመሪያው ላይም ፍጥነት የሚቀየርበት ነጥብ ከባሕር ዳርቻና ከታሰሩ ጀልባዎች የራቀ ሆኖ በካርታ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

ሁለተኛው ቁጥር የጥልቀት ፍሩድ ነው፤ ይህን የሚረሳው ሰው ይበዛል። በርዝመቱ ፈንታ የውኃውን ጥልቀት ታስገባለህ። ውጤቱ 1 ሲሆን ጀልባዋ በዚያ ጥልቀት ሞገድ ሊሄድ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ናት። ሞገዱ ሊያመልጣት ስለማይችል ይጠራቀማል፤ ረጅም፣ ሲያዩት ዝቅ ያለ፣ ግን ብዙ ርቀት ሄዶ የማይሞት ሞገድ ይሆናል። ለ23 ኖት ያ ጥልቀት 14.3 ሜትር ነው። ጥልቀቱ 10 ሜትር ከሆነ በ19 ኖት ይደረስበታል።

ይህ ሞገድ መሐል ላይ ላለ ሰው አይታየውም። ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ሲደርስ ነው ተነሥቶ የሚሰበረው፤ ያኔ ጀልባዋ አልፋ ሄዳለች። በሐምሌ 1999 በእንግሊዝ ሃርዊች አቅራቢያ አሸዋ ክምር ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ ሰው የሞተው እንዲህ ባለ ሞገድ ነው፤ ሞገዱን የፈጠረችው ስቴና ዲስከቨሪ የተባለች ትልቅ ፈጣን ካታማራን ነበረች።

---

ከሲያትል

በዚሁ ላይ እኛ ከተማ የሆነውን ልጨምር፤ እዚህ ያለው ሐበሻ ብሬመርተን ለሥራ ሲመላለስ በየቀኑ የሚያየው መስመር ነው።

ከሲያትል ወደ ብሬመርተን የሚያልፈው ሪች ፓሴጅ የተባለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ፤ በሁለቱም ጎን ቤቶች ተደርድረዋል። በ1998 ቺኑክ፣ ቀጥሎም ስኖሆሚሽ የተባሉ ባለ 350 መንገደኛ ፈጣን ካታማራኖች ገቡ። ሞገዳቸው ዳርቻውን ሸረሸረ፣ የመከላከያ ግድግዳዎችን ጎዳ፤ ነዋሪዎቹ በ1999 ከሰሱ። ጀልባዎቹ በመተላለፊያው ውስጥ እንዲያዘግሙ ተደረገ፣ የጊዜ ትርፉ ጠፋ፣ በ2003 አገልግሎቱ ቆመ። ጀልባዎቹም ተሸጠው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዱ፤ እዚያ የባሕር ወሽመጡ ሰፊ ስለሆነ ሠሩ። በጀልባዎቹ ላይ ጉድለት አልነበረም፤ መስመሩ ነው ያልሆነላቸው።

በኋላ የተመጣበት መንገድ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ዳርቻው ተጠና፤ የጠጠሩ እንቅስቃሴና የሞገዱ ቁመትና ርዝመት ተለካ። ከዚያ ለዚያ መስመር ብቻ አንዲት ጀልባ ተነደፈች፦ ሪች ፓሴጅ 1። 118 መንገደኛ ብቻ ትይዛለች። የላይኛው ክፍሏ ከካርቦን ፋይበር ነው፤ በሁለቱ ቀፎ መካከል ያለው የውኃ ውስጥ ክንፍ በፍጥነት ስትሄድ ከፍ ያደርጋታል። በሐምሌ 2017 ሥራ ስትጀምር የመኪና ጫኙ መርከብ አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ በ30 ደቂቃ ትሄደው ጀመር። በመተላለፊያው ውስጥ ፍጥነቷን አትቀንስም፤ ቀንሳ ክንፉ ማንሣት ካቆመ ሞገዷ ይብሳል። የሞገድ ሒሳብ ከላይ ያለው ነገር በተግባር ይኸው ነው።

118 ሰው ትንሽ መሆኑ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፣ ሰልፉም እውነት ነው። ግን መጠኑን የወሰነው የዳርቻው ጠጠር ነው። መስመሩን ሳይለኩ ጀልባ የሚገዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት እወዳለሁ።

---

ኢቲኦ

ወደ ባትሪው ልመለስ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው።

*ቻርጅ።* 2 ሜጋዋት በ10 ደቂቃ 333 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ እንዳታስሉ። ከመታሰር እስከ መሰካት፣ ከመሰካት እስከ የመከላከያ ፍተሻው ማለቅ፣ ከዚያ ኃይሉ ቀስ እያለ እስኪወጣ፤ መጨረሻም ላይ እንዲሁ። 10 ደቂቃ ብትቆም እውነተኛው ሙሌት 7 ወይም 8 ደቂቃ ነው፤ 230 እስከ 270 ኪሎዋት ሰዓት። ከዚህ ላይ 5 ደቂቃ የዘገየች ጀልባ የምታጣው ከሙሌቱ ነው። ቀጣዩን ጉዞ ባነሰ ባትሪ ትጀምራለች፤ መዘግየቱ ከጉዞ ወደ ጉዞ ይዞራል። ናፍጣ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ያቺን 1.1 ሜጋዋት ሰዓት ለማግኘት 240 ኪሎ ገደማ ናፍጣ ይበቃል፤ ጠዋት ለቀኑ ሙሉ ይሞላል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ቢያንስ በቀን አንድ ወይም ሁለት ረዘም ያለ ማቆሚያ ካልተተወ ከሰዓት በኋላ ጉዞ መሰረዝ ይጀመራል።

*የከተማው መስመር።* 2 ሜጋዋት በድንገት ገብቶ በድንገት የሚወጣ ጭነት ትንሽ ከተማ አይሸከምም። መፍትሔው በወደቡ ላይ ሌላ ባትሪ ማስቀመጥ ነው። በኖርዌይ ጉድቫንገን በተባለ ቦታ፣ ፊውቸር ኦፍ ዘ ፊዮርድስ ለተባለች በባትሪ የምትሠራ ካታማራን የተሠራው ተንሳፋፊ መትከያ 2.4 ሜጋዋት ሰዓት ባትሪ አለው። ከመስመሩ ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይጠጣል፣ ለጀልባዋ በ20 ደቂቃ ይሰጣል። መትከያው ተንሳፋፊ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውኃው ቢወጣም ቢወርድም ሶኬቱ ከጀልባዋ ጋር እኩል ይሆናል።

*እሳት።* ሁለት አደጋዎች በደንብ መታወቅ አለባቸው። በጥቅምት 2019 ኢተርኦይኒንገን በተባለችው የመኪና ጫኝ መርከብ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈስሶ እሳት አስነሣ። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ በማግስቱ ከወለሉ በታች የተጠራቀመ ጋዝ ፈነዳ። በመጋቢት 2021 ደግሞ ብሪም የተባለች ሃይብሪድ ካታማራን በኦስሎ ፊዮርድ ተቃጠለች። ምርመራው ያመለከተው የባሕር ውኃ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ባትሪ ክፍሉ መግባቱን ነው።

ከእነዚህ የወጡት ፍተሻዎች ግልጽ ናቸው። የአየር ማስገቢያው የት ነው? ፍንጣሪ ውኃ ይደርሰዋል ወይ? ውኃ መለያና ማፍሰሻ አለው ወይ? የባትሪ ሣጥኖቹ ጨዋማ እርጥበት ይችላሉ? የማቀዝቀዣው ፓይፕ መጋጠሚያ ከባትሪው በላይ ነው ከጎን? ከላይ ከሆነ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ (ውስጡ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ) በራሱ ቱቦ ወደ ክፍት ቦታ፣ ከመንገደኛ መውጫ ርቆ መውጣት አለበት። ከእሳት በኋላ በሩ አይከፈትም፤ የጋዝ መለኪያውና የሙቀት መለኪያው መሥራት እንዲቀጥሉ ኤሌክትሪካቸው ከሌላ ምንጭ መሆን አለበት። ከባትሪው ጋር የመረጃ ግንኙነት የተቋረጠባት ጀልባ ከወደብ አትነሣም፤ የውስጡን ሙቀት ሳያዩ መሄድ ነውና።

---

ብየዳ ቤት

ስለ አካሉ አጭር ልበል። ላሜራው ብዙውን ጊዜ 5083 የተባለ የአሉሚኒየም ዓይነት፣ ተገፍቶ የወጣው ፕሮፋይል 6082 ቲ6 ነው፤ የብየዳ ሽቦው 5183። ችግሩ 6082 ከብየዳው አጠገብ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ማጣቱ ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ መጋጠሚያውን ጫና ከሚበዛበት ቦታ ያርቀዋል፤ ፋብሪካው «ሽቦ ላለማባከን» ብሎ ቦታውን ከቀየረው ስንጥቁ እዚያው ይጀምራል። በሥራ የመጀመሪያ ዓመት መመርመር ያለበት ቦታ ሁለቱ ቀፎዎች ከመካከሉ ወለል ጋር የሚገናኙበት ማዕዘን፣ የሞተር መቀመጫ ጫፎችና የመስኮት ማዕዘኖች ናቸው።

አሉሚኒየም ሲበየድ እርጥበትና ቅባት ቀዳዳ ይፈጥሩበታል። በአሴቶን መጥረግ፣ ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ብሩሽ መቦረሽ፣ ከዚያ ሳይቆዩ መበየድ። ያው ብሩሽ ብረት ላይ ከዋለ ተበላሸ።

ዝገትን በተመለከተ፦ መዳብ ያለበት የቀፎ ቀለም በአሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ አይቀባም። የማይዝግ ቡሎን በቀጥታ አይገባም፤ በፕላስቲክ ቱቦና ዋሸር ይለያል። በቀፎው ሥር የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ ሁሉ ይለቀም፤ አንድ የመዳብ ቁራጭ በቆመ ውኃ ውስጥ ላሜራውን ቀስ በቀስ ይበሳል። ከወደብ ኤሌክትሪክ ጋር የምትገናኝ ጀልባ መለያ ትራንስፎርመር ያስፈልጋታል፤ አለበለዚያ አኖዶቿ (በቀፎው ፈንታ ዝገቱ እንዲበላቸው የሚገጠሙ የብረት ቁራጮች) የወደቡን ብረት ሲጠብቁ ያልቃሉ።

---

የድልድይ መኮንን

እስካሁን ስለ ጀልባዋ ተባለ፤ ስለ ሰዎቹ ልጨምር።

በዓለም አቀፉ ደንብ ጀልባ «ፈጣን» የምትባለው ፍጥነቷ በሜትር በሴኮንድ ከ3.7 × (የምትገፋው ውኃ በሜትር ኩብ)^0.1667 ጋር ሲተካከል ወይም ሲበልጥ ነው። 70 ሜትር ኩብ ለምትገፋ ጀልባ 14.6 ኖት ይመጣል። ከዚህ ካለፈች ከተለመደው የመርከብ ሕግ ወጥታ ወደ ሌላ ዓይነት አሠራር ትገባለች። የደኅንነት ምስክር ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ የሥራ ፈቃድም ያስፈልጋል። ፈቃዱ መስመሩን፣ የሞገዱን ገደብ፣ ከመጠለያ ወደብ የምትርቅበትን ልክ ይዘረዝራል። አራት መጻሕፍትም በጀልባዋ ላይ ይኖራሉ፤ የአሠራር፣ የመስመር፣ የሥልጠናና የጥገና። ካፒቴኑና መኮንኖቹ ለዚያች ዓይነት ጀልባ የተለየ ብቃት ማረጋገጫ ይይዛሉ፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

መንገደኛን የማስወጫው ጊዜ በቀመር ነው፦ ከእሳት መከላከያው ደቂቃ 7 ተቀንሶ ለ3 ይካፈላል። መከላከያው 60 ደቂቃ ከሆነ 17 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ይህ በወረቀት አይታለፍም፤ በእውነተኛ ሰው ተሞክሮ ይለካል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ስሌይፕነር አሳይታለች። በ1999 ሥራ የጀመረች አዲስ የኖርዌይ ካታማራን ነበረች። ኅዳር 26 ቀን ማታ፣ ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው፣ ከሃውገሱን በስተ ሰሜን ስቶሬ ብሎክሰን የተባለ ዐለት መታች። ከ85 ሰው 16 ሞቱ። ፈቃዷ ጊዜያዊና የሞገድ ገደቡ 1 ሜትር ሲሆን በዚያ ሌሊት የነበረው ሞገድ ከዚያ በላይ ነበር። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከሰው ላይ ይወልቁ ነበር፤ የአየር ታንኳዎቹ እንደታሰበው አልወረዱም። መሣሪያው ሁሉ ነበር፤ በሌሊት፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በሚደናገጥ ሰው እጅ ሳይሞከር ነው የቀረው።

ስለዚህ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ባዶ ጉዞ የግድ ነው። እያንዳንዱ ካፒቴን፣ ቀንም ሌሊትም፣ በእያንዳንዱ ማቆሚያ። በሙሉ ፍጥነት አንድ ሞተር ይጥፋ፤ መሪው ይቆለፍ፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ። በሙሉ ፍጥነት ስትመጣ በስንት ሜትር እንደምትቆም በባዶና በሙሉ ጭነት ተለክቶ መሪው ፊት ለፊት ይለጠፍ። በ23 ኖት በየሴኮንዱ ወደ 12 ሜትር ትሄዳለች፤ አንድ ደቂቃ ካርታ ላይ ያጎነበሰ ሰው 700 ሜትር አልፏል።

---

የጣና ዳር

እንግዲህ የጣናን ጥያቄ በቁጥር ልመልስ፤ እናንተ የሰጣችሁት ሁሉ እዚህ ላይ ይሠራል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ፣ አማካዩ 9 ሜትር ግድም ነው። የሞገድ ሒሳብን ቀመር አስገቡ፤ በ9 ሜትር ወሳኙ ፍጥነት 18 ኖት፣ በ14 ሜትር 23 ኖት ሊሞላ ጥቂት ነው። ሜድስትራውም በዘወትር ፍጥነቷ ጣና ላይ ብትሄድ በጥልቁ ቦታ ልክ ወሳኙ ፍጥነት ላይ ናት፤ በቀረው ቦታ ደግሞ አልፋዋለች፤ ተነሥታ ለመድረስና ለመቆም ሁለቴ ታቋርጠዋለች። የሚወጣው ረጅም ሞገድ የሚደርሰው በደንገል ታንኳ ላይ ወዳለው ሰው፣ ወደ ደቅና ወደ ክብራን ዳርቻ፣ ወደ ደንገሉ ራሱ ነው። የደንገል ታንኳ ጠርዙ ከውኃው ብዙም አይርቅም።

ርቀቱም አይሆንም። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም 38 የባሕር ማይል ነው። በ23 ኖት 1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ፣ በ1.1 ሜጋዋት 1.8 ሜጋዋት ሰዓት። ባትሪው 1.5 ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ትቆማለች።

በ12 ኖት ብትሄድ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የጥልቀት ፍሩዱ በ9 ሜትር 0.66 ነው፤ የርዝመቱም ከጉብታው በታች። የሚያስፈልገው ኃይል በጣም ይወርዳል፤ ጉዞው ግን ከ3 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ለጎርጎራ ይህ ረጅም ነው። ለዘጌና ለቅርብ ገዳማት ግን ከበቂ በላይ ነው። እኔ የምለው፣ ለጣና ካታማራን ትሆናለች፣ ለ23 ኖት የተሠራችው ግን አትሆንም። ለ12 ኖት የተነደፈች ቀጭን ቀፎ፣ ትንሽ ሞተር፣ በትርፉ ክብደት ተጨማሪ ባትሪ።

ከፍታውንም አትርሱ። ሐይቁ 1,786 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 81 በመቶ አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በዚያው ልክ ኃይል ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተርም የሚሰጠው ደረጃ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለው አየር ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ መቀነስ አለበት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ይመረጣል። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2,000 ሜትር ስለሚፈቀድላቸው ያልፋሉ። ውኃው ጨው አልባ ስለሆነ ጀልባዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ 70 ሜትር ኩብ በባሕር የምትገፋ ጀልባ እዚህ 71.75 መግፋት አለባት። በምላሹ የዝገቱ ጣጣ ይቀላል፤ አኖዱ ግን ከዚንክ ወደ ማግኒዥየም ይቀየራል።

---

ዘንግና ማርሽ

ወንድሜ የጣና ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጠበቅኩት እንዲህ ያለ መልስ ነበር። ማጓጓዙስ? 9 ሜትር ወርድ በመንገድ አይመጣም።

---

ብየዳ ቤት

ሙሉዋን አይመጣም። ቀፎዎቹ ለየብቻ፣ የመካከሉ ወለልና የመንገደኛው ክፍል ደግሞ በቁራጭ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ቀፎ ቀጭን ስለሆነ በተራ ረጅም ተሳቢ ላይ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የማይሰጥም የተደላደለ የኮንክሪት ወለል፣ ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል መጠለያ (የብየዳው ጋዝ በነፋስ ከተበተነ መጋጠሚያው ወንፊት ይሆናል)፣ እና የሌዘር መለኪያ። ሁለቱ ቀፎዎች ጎን ለጎን ትይዩ ካልሆኑ ጀልባዋ ዕድሜዋን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፤ መሪውን አዙሮ ይዞ መሄድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ልኬቱ ጠዋት ይወሰድ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ቀፎ 30 ሜትር ላይ በ20 ዲግሪ ልዩነት ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል።

---

የማሪን ተማሪ

እምቦጩስ? ዋተርጄት (ውኃ ስቦ በኃይል ወደ ኋላ የሚረጨው መግፊያ) ይሻላል ወይስ ፕሮፔለር?

---

የጣና ዳር

በ12 ኖት ላይ ፕሮፔለር፣ ያለ ጥርጥር። ዋተርጄት ቅልጥፍናው የሚታየው ከ25 እና 30 ኖት በላይ ነው። ለእምቦጭ ደግሞ ይብሳል፤ ውኃውን ከሥር ስለሚስብ ሥሩንም ግንዱንም ይዞ ወደ ፍርግርጉ ይገባል። ምልክቱ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ፍጥነቱ ሲወርድ፣ አብሮም ንዝረት ሲመጣ ነው። ብዙ ጄት ያለ ማርሽ ሣጥን በቀጥታ ስለሚያያዝ ወደ ኋላ አዙሮ ማጠብ አይቻልም፤ ሞተሩን አጥፍቶ በላይኛው ክዳን እጅ አስገብቶ ማውጣት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ወደ ኋላ ማዞር ስለሚቻል ይህ ይቀላል፤ ግን ፍርግርጉ መጀመሪያ እንዳይሞላ መከላከል ይሻላል።

ፕሮፔለሩም ቢሆን ጥበቃ ያስፈልገዋል። ከዘንጉ መውጫ ላይ የገመድ መቁረጫ ምላጭ ይገጠማል፤ የዓሣ መረብ ከእምቦጩ ይልቅ አደገኛ ነው፣ በማኅተሙ ውስጥ ገብቶ ውኃ ያስገባል። የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውም ሁለት ማጣሪያ ይኑረው፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይሠራል። ቀፎው ውስጥ በዝግ ዑደት የሚቀዘቅዝ ሥርዓት ከተገኘ ግን መግቢያ ጨርሶ ስለማይኖር እሱ ይመረጥ። የውኃው ልክ በበጋና በክረምት ስለሚለያይም መትከያው ተንሳፋፊ ይሁን፤ ኢቲኦ እንዳለው ሶኬቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

---

ሚዛን

ስለ ሰሌዳው የመጨረሻ ቁጥር ልስጥ። በ8 የባሕር ማይል መስመር 23 ኖት 21 ደቂቃ ይፈጃል፣ 27 ኖት 18 ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ ለማትረፍ ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ እንኳ ቢያድግ 38 በመቶ ተጨማሪ ኃይል፣ በጉዞ 17 በመቶ ተጨማሪ ባትሪ ይሄዳል። 147 ሰው ደግሞ በአንድ መውረጃ፣ በሰው 2 ሴኮንድ፣ ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። ሁለት ሰፋፊ መውረጃ በመግጠም ብቻ ሁለት ደቂቃ ተኩል ተገኘ፣ ሲሳፈሩም ሌላ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ያለ አንድ ኪሎዋት። ገዢው ከፋብሪካው ጋር ሲዋዋል የበሩን ወርድና ቁጥር ከሞተሩ ኃይል እኩል በውሉ ላይ ያስገባው።